«ከልቡ ነው የመታት?»

«ለመሆኑ ማን አሸነፈ?»

ይቺን ጥያቄ ከአንድ ፊልም በኋላ ለብዙ ሰው አቅርቤአለሁ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ስለ ኮሜዲ ስናወራ፣ በጀርባው ላይ የተቦጫጨቀ ወረቀት የተለጠፈበት የቪዲዮ ካሴት ይዤ ክፍል እገባና ተማሪዎቼን አሳይ ነበር። ሲያልቅ መብራት አብርቼ እጠይቃለሁ። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። አንዳንዴ ደወል ተደውሎም ክርክሩ በር ላይ ይቀጥላል። እኔም አስተማሪ ነኝና ደስ ይለኛል፤ ጥያቄዬ ሠራች ማለት ነዋ! ባለፈው ሰሞን ግን ፊልሙን ቤቴ ውስጥ ከአምስት ሰዎች ጋር እንደገና አየሁትና ጥያቄዬ ራሷ ጎደሎ እንደነበረች ገባኝ። ይህን ያስተማሩኝ ደግሞ እንግሊዝኛ የማይሰሙት ጎረቤታችን ናቸው።

ፊልሙ «አዳምስ ሪብ» ይባላል። የአዳም ጎን አጥንት እንበለው። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ ነው፤ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ኩከር፣ ባልና ሚስቱን ሆነው የሚሠሩት ስፔንሰር ትሬሲና ካትሪን ሄፕበርን። ሁለቱ አብረው ከሠሯቸው ዘጠኝ ፊልሞች ስድስተኛው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካኖቹ በአገር ደረጃ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከሚመርጧቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብተውታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ዶሪስ አቲንገር የምትባል የልጆች እናት ባሏን ተከትላ ከውሽማው ቤት ትደርሳለች። በእጅ ቦርሳዋ ሽጉጥ አለ፤ ተኩሳ ስለማታውቅ ከበሩ ውጪ ቆማ የአጠቃቀም መመሪያውን ታነባለች (እዚህ ላይ የማይስቅ ሰው አላየሁም)። ከዚያ ገብታ ወዲያና ወዲህ ስትተኩስ ባልየው ይቆስላል። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ያንን ጋዜጣ በማግስቱ ጧት አልጋቸው ላይ ሆነው የሚያነቡት አዳም ቦነርና ሚስቱ አማንዳ ናቸው፤ እሱ ዐቃቤ ሕግ፣ እሷ ጠበቃ። አማንዳ፣ ወንድ ቢሆን ኖሮ ትዳሩን አስከበረ ተብሎ ይታለፍ ነበር ትላለች። አዳም ደግሞ ሕግ ሕግ ነው፣ ሰው ላይ የተኮሰ ይጠየቃል ይላል። ቢሮ ሲገባ ያ መዝገብ ለእሱ ተመርቷል። አማንዳ ይህን ስትሰማ ዶሪስን ፈልጋ ጥብቅናዋን ትይዛለች። እንግዲህ ቀን ቀን ችሎት ላይ ይናቆራሉ፣ ማታ ማታ እራት አብረው ይበላሉ።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ? እነዚህ ሁለቱ በእርግጥም ከአንድ ባሕር ናቸው። በችሎቱ መካከል እርሳስ የወደቀባቸው መስለው ጎንበስ ይሉና በጠረጴዛ ሥር ይጠቃቀሳሉ። ሁለቱም አንዱ ሌላውን የሚጠራበት የቁልምጫ ስም አንድ ዓይነት ነው፤ ችሎት ላይ ሲያመልጣቸው ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ እስከመጠየቅ ይደርሳል። አዳም ለሚስቱ የገዛላት ባርኔጣ በማግስቱ በተከሳሿ በዶሪስ ራስ ላይ ተቀምጦ ችሎት ሲገባ የትሬሲን ፊት ማየት ነው! አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የባልን ቅያሜ ሁሉ ያሳየናል።

የድርሰቱ መነሻ ደግሞ ከድርሰቱ የባሰ ነው። ሬይመንድ ማሲ የተባለው ተዋናይና ተዋናይቷ ሚስቱ አድሪያን አለን ሲፋቱ ጉዳያቸውን የያዙላቸው ባልና ሚስት የሆኑ ጠበቆች ነበሩ። ፍቺው አለቀ። ከዚያ ጠበቆቹም ተፋቱና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ደንበኛ አገቡ። ይህን ወሬ ይዘው ፊልሙን የጻፉት ሩት ጎርደንና ጋርሰን ካኒን ራሳቸው ባልና ሚስት ናቸው። በአንጻሩ በዓለም ፊት የትዳር ምሳሌ ሆነው የታዩት ትሬሲና ሄፕበርን አልተጋቡም፤ ትሬሲ እ.ኤ.አ. በ1967 እስኪሞት ድረስ ሕጋዊ ሚስቱን አልፈታም ነበር። ተመልካቹ ግን እስካሁን «እንዴት ያሉ ባልና ሚስት ናቸው!» ይላል። ይበል፤ ጥሩ ተዋናይ ማለት ይኸው ነው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሕግ ባለሙያው የባለቤቴ ወንድም፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ፣ የእሷ ጓደኛና ቡና ሊጠጡ መጥተው የቀሩት ጎረቤታችን እትዬ ነበርን። እትዬ ስድሳውን አልፈዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። የእህቴ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጣ በጆሯቸው ትተረጉምላቸው ጀመር።

የባለቤቴ ወንድም አቋም እንደ ተማሪዎቼ ግማሽ ነው። አዳም አሸንፏል ባይ ነው። «ሕጉ መጥፎ ከሆነ ይለወጣል እንጂ ችሎት ላይ በቲያትር አይሻርም» አለ። እውነቱን ለመናገር አማንዳ ችሎቱን ሰርከስ ታደርገዋለች። ሴት ከወንድ እንደማታንስ ለማስረዳት የምትጠራቸው ምስክሮች አንዷ ጉልበተኛ የሰርከስ ሠራተኛ ናት፤ ይቺ ሴት አዳምን በችሎቱ መካከል ወደ ላይ ታነሳዋለች። ዐቃቤ ሕጉ አየር ላይ ተንሳፎ ሲወራጭ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እኔ ይህ ትዕይንት ተወዶልኝ አያውቅም። ክርክሩ ስለ እኩልነት ሆኖ ሳለ ማስረጃው ጉልበት ሆነ። ለካ ፊልሙም ነገሩን ያውቀዋል፤ አዳም ያን ዕለት ማታ ሻንጣውን ይዞ ከቤት ይወጣል።

የእህቴ ልጅ ግን አልቀበልም አለች። «ጋሼ፣ አጎቴ የሚለው ሕግ ማን የጻፈው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው ለእኔ ይምሰል እንጂ ለማን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። እዚህ ላይ የእኛም ቤት ጉዳይ መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ635ኛው አንቀጹ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው ይል ነበር፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዛል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጥቶ ተጋቢዎች በቤተሰባቸው አመራር እኩል ናቸው ያለው በ1992 ዓ.ም. ነው። አርባ ዓመት ማለት ነው። ሕጉ እስኪለወጥ ጠብቁ ማለት በዚያ አርባ ዓመት ውስጥ ላለች ሚስት ምን ማለት እንደሆነ የባለቤቴን ወንድም ብጠይቀው፣ «እሱማ ሌላ ነገር ነው» አለኝ። ሌላ ነገር አይደለም ወንድሜ! አማንዳ የምትለው እሱኑ ነው። የፍርድ ሸንጎውን አባላት ስትመርጥ አንዱን ሰውዬ ሴቶች እኩል መብት ይኑራቸው በሚለው ያምን እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ አላምንም ይላል፤ ይሰናበታል። በመጨረሻም ሸንጎውን፣ ዶሪስን ወንድ ባሏን ሴት አድርጋችሁ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ ትላቸዋለች። ያን ጊዜ በስክሪኑ ላይ ዶሪስ ሱፍ ለብሳ ወንድ፣ ባልየው ዊግ አጥልቆ ሴት ሆነው ይታዩናል። ቀልድ ነው። ግን ከቀልዱ በኋላ ተመልካች በመቀመጫው ላይ ሲቁነጠነጥ አይቻለሁ።

የእህቴ ልጅና ጓደኛዋ ያኮረፉት መጨረሻው ላይ ነው። ዶሪስ ነጻ ትወጣለች፤ አማንዳ ትረታለች። ዘፈን ደራሲው ጎረቤታቸው ኪፕ አማንዳን እያሽኮረመመ አብረው ሳሉ አዳም ሽጉጥ ይዞ ይገባል። አማንዳ ትጮሃለች፤ ይህን ለማድረግ መብት የለህም፣ ማንም መብት የለውም ትለዋለች። አዳም የፈለገው ይህችኑ ነበር። ችሎት ላይ የተከራከረችበትን በገዛ አፏ አፈረሰችው። ከዚያ ሽጉጡን አፉ ውስጥ ያስገባና... ይገምጠዋል! ከጥቁር ከረሜላ የተሠራ ነው። «ይኸው፣ መጨረሻ ላይ እሷኑ አሞኝተው ጨረሱ» አለች የእህቴ ልጅ። ብዙ ሴት ተማሪዎቼም ይህንኑ ይሉኝ ነበር፤ ደራሲዎቹ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አዝናንተውን ሲያበቁ ሴትዮዋን ወደ ወጥ ቤቷ መለሷት ብለው።

እኔ በዚህ አልስማማም፤ ያኔም አልተስማማሁም። አንደኛ፣ የዚያን ዘመን ሆሊውድ ራሱን የሚቆጣጠርበት ጥብቅ ደንብ ነበረው። የትዳር ክብር ይጠበቅ፣ ዝሙት ማራኪ ሆኖ አይታይ የሚል ደንብ። ባልና ሚስቱ መታረቃቸው የግድ ነበር፤ የሚጠየቀው በምን ሁኔታ ታረቁ የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ ታሪኩ ሽጉጡ ላይ አያበቃም። ለግብር ሒሳብ ባለሙያ ፊት ተቀምጠው የዓመቱን ወጪ ሲደምሩ፣ ዕዳዋን ከፍለው የጨረሷት የገጠር ቤታቸው ትነሳለች። ያን ጊዜ አዳም ያለቅሳል። አማንዳ አንጀቷ ይንሰፈሰፋል፤ እጁን ይዛ ወደዚያችው ቤት ይሄዳሉ። ማታ አዳም ምን ቢነግራት ጥሩ ነው? እንባው የውሸት ነበር! እንደፈለገ ሊያወርደው እንደሚችል አልጋው አጠገብ ሆኖ ያሳያታል። ሴቶች በእንባ ያሸንፋሉ ሲል የከረመው ሰውዬ በእንባ አሸነፈ። አማንዳም ታዲያ በወንድና በሴት መካከል ልዩነት የለም ማለት ነው ትላለች። አዳም ትንሽ ልዩነት አለ ይላል፤ ለዚያች ልዩነት እልል! ይላል በፈረንሳይኛ። ያችው ማታ አዳም በፓርቲው በኩል ለዳኝነት መታጨቱን ሲነግራት፣ እሷ ደግሞ በተቃራኒው ፓርቲ በኩል ማን እንደሚታጭ ከወዲሁ ማሰላሰል ጀምራለች። ወጥ ቤት የገባ ሰው አላየሁም።

ይህን ሁሉ በአስተማሪነት ልማዴ እያስረዳሁ ነበር፤ ባለቤቴ «እንግዲህ ጀመረው» እያለች። እትዬ ግን እየሰሙኝ አልነበረም። የእሳቸው ሐሳብ ከግማሽ ሰዓት በፊት ያለፈ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ቦታው ይህ ነው። የችሎቱ ውሎ የከረረበት ቀን ማታ አማንዳ ገላዋን ታጥባ ትወጣለች፤ አዳም ጀርባዋን ያሻታል። ሲያበቃ መቀመጫዋን ቸብ ያደርጋታል። ሁልጊዜ የሚያደርገው ይመስላል። አማንዳ ግን ፈንጠር ብላ ትነሳለች። ከልብህ ነው የመታኸኝ ትላለች። እሱ አይደለም ይላል። እሷ ነው፤ በጨዋታ ቸብ ማድረግንና መምታትን ለይቼ አውቃለሁ ትላለች። ታለቅሳለች፤ እሱ ደግሞ ጀመረች የሚል ነገር ይናገራል፤ ኋላ በእግሯ ቅልጥሙን ትለዋለች። ነገሩ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ይህቺን ትዕይንት «በጨዋታና በጠብ መካከል ያለው ድንበር» ብዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፋት ነበር። ከተማሪዎቼም ብዙዎቹ ይስቁባት ነበር።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ በመመሪያው ንባብም፣ በባርኔጣውም፣ በሰርከሷም ሲስቁ የነበሩት እትዬ እዚህ ላይ ጸጥ አሉ። የእህቴ ልጅ ልትተረጉም ስትጀምር «ተይው ልጄ፣ ገብቶኛል» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ከልቡ ነው የመታት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ምን ልበል? አስተማሪ ነኝና «ፊልሙ ክፍት ትቶታል፤ ሁለቱንም መተርጎም ይቻላል» አልኳቸው።

«ኧረ አይቻልም» አሉ። «ለሚያየው ነው እንጂ ለተመታችውማ አንድ ነው። እጅ ሲያርፍ ይታወቃል።»

ከዚያ ሲኒያቸውን አስቀመጡ፤ ፊልሙም ቀጠለ። ማንም ምንም አላለም። ባለቤቴ ብቻ ሌላ ቡና ቀዳችላቸው።

እኔ በዚህ ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አስባለሁ። ፊልሙን እንደምወደው አልደብቅም፤ አሁንም እወደዋለሁ። ግን «ማን አሸነፈ?» የምትለው ጥያቄዬ ክርክርን እንደ ኳስ ጨዋታ ታደርገዋለች። በጥያቄዬ ውስጥ የአማንዳ ማስረጃ አልተቆጠረም። ጠበቃ ናት፤ ችሎት ላይ ለሰው ማስረጃ ታቀርባለች፤ ቤቷ ውስጥ ግን ያላት ማስረጃ የገዛ ገላዋ ብቻ ነው፣ ባልየውም አልቀበልም ይላታል። የሕጉና የቤቱ ክርክር የሚገናኙት በዚህ ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን ሳያውቁ የጻፉት አይመስለኝም። ባልና ሚስት ሆነው ነው የጻፉት፤ አንዳቸው ይህቺን ቦታ እንዳትወጣ የተከራከሩላት ይመስለኛል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። የፊልሙ ድክመት ከዚያ በኋላ ቶሎ ወደ ሳቅ መሮጡ ነው። በዶሪስና በባሏ ጉዳይ መመታት በችሎት ይነሳል፣ በጠበቆቹ ቤት ግን ቀልድ ሆኖ ይታለፋል። የተማረ ሰው ቤት ስለሆነ?

ስለ ዶሪስ ካነሳን ይቅርታ ይደረግልኝና ትንሽ ልቆይባት። ዶሪስን የሠራችው ጁዲ ሆሊደይ ናት፤ በሚቀጥለው ዓመት ባሳየችው ሌላ ፊልም ኦስካር የወሰደችው። እስር ቤት ውስጥ አማንዳ ስትጠይቃት ካሜራው ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ዶሪስ ላይ ተተክሎ ይቆያል። ታላቋ ሄፕበርን ጎን ሰጥታ ተቀምጣ ፊቱን ለአዲሷ ልጅ ለቃላታለች። ዶሪስ ያን ቀን ያደረገችውን ሁሉ እንደ ገበያ ወሬ ትተርካለች፤ ሽጉጥ መግዛቷን፣ ስትጠብቅ ጣፋጭ መብላቷን። ከተኮስሽ በኋላ ምን ተሰማሽ ስትባል፣ ራበኝ ትላለች። በዚህ ፊልም ውስጥ ከዚህ የበለጠ እውነት አልሰማሁም። አዳምና አማንዳ በሐሳብ ይጣላሉ፤ ዶሪስ ግን ርቧታል። ፍርዱ ተሰጥቶ ካሜራው ከጠበቆቹ ጋር ወደ ገጠር ቤታቸው ሲሄድ፣ ዶሪስ ከዚያ ባል ጋር ቤቷ ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት የሚያሳየን የለም። ኮሜዲው ባለ ገጠር ቤቶቹን ይዞ ሄደ።

እኛ አገር ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ መልክ ፊልም ሆኗል። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሓሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት ወስዷል። እዚያም ጠመንጃ የያዘች ሴት አለች፤ ጠልፎ የደፈራትን የገደለች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። እዚያም ሕጉ ሕግ ነው የሚል ዐቃቤ ሕግና አይሆንም የምትል ሴት ጠበቃ አለች። በእርግጥ የሚያስቅ ነገር የለበትም፤ ከረሜላ የሚሆን ሽጉጥም የለም። ጠበቃዋ የተቀረጸችባት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ሠርተዋል። አማንዳ አልጋ ዳር ሆና ያሰላሰለችው ዳኝነት እንግዲህ እንዲህ ያለ ነው።

ደግሞ ርዕሱ። «የአዳም ጎን አጥንት» ሲባል ለአሜሪካዊው ተመልካች ከኦሪት የተወሰደች ቀልድ ናት። ለእኛ ግን የቤት ቋንቋ ነው። ሚስቱን «ግራ ጎኔ» ብሎ የማያስተዋውቅ የድሮ ሰው አለ እንዴ? የእህቴ ልጅ ጓደኛ ይህ ቃል አይመቸኝም አለች፤ ከወንድ ተቆርሳ የወጣች ያስመስላል ብላ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ለልብ የቀረበ ጎን ስለሆነ ክብር ነው ብሎ ተከራከረ። እኔ ለሁለቱም እውነት ሰጥቼ ልገላገል ስል እትዬ፣ «የኔውም ግራ ጎኔ ይለኝ ነበር» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ባልና ሚስቱ ታርቀው፣ ፊልሙ አልቆ፣ የባለቤቴ ወንድምና የእህቴ ልጅ አዳም ያለቀሰው እውነት ቢሆንስ በሚል ክርክር ሲጠዛጠዙ፣ እትዬ ነጠላቸውን አጣጥፈው ለመሄድ ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ተመለሱና ልጅቷን አንድ ነገር ጠየቋት። ያቺ ራበኝ ያለችውን ሴትዮ እንደገና እንድታሳያቸው። እሷም ወደኋላ መለሰችው። ነጠላቸውን እንደያዙ፣ ሳይቀመጡ፣ የእስር ቤቱን ንግግር እስከ መጨረሻው ቆመው አዩት።